ሥጋ፣ አሥራ ስምንት ኪሎ

እኔ ሰው የማምነው ሦስት ቦታ ፈርሞ ማኅተም ሲመታበት ነው። ይህን የምለው ኮርቼበት አይደለም፤ ሥራዬ ያመጣብኝ ጠባይ ነው። ኦዲተር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ኖሬ፣ ዛሬ ገበያ ወጥቼ ድንች ስገዛ እንኳ የሻጩን እጅ እንጂ ፊቱን አላይም። እህቴ «አንቺን ያገባ ሰው በሳመሽ ቁጥር ደረሰኝ ይቆርጥ ነበር» ትለኛለች። አላገባሁም፤ ስለዚህ አልተጣራም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ አንድ ደብዳቤና አንድ ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ደብዳቤው የመጣው ከአንድ የለጋሾች ማኅበር ነው፤ ነገሩን እኛ እንድናጣራለት ይፈልጋል። ማኅበሩ በነፃ ምሳ የሚያበላ አንድ የበጎ አድራጎት ምሳ ቤት ይደግፋል፤ በቀን ሦስት መቶ ያህል ሰው ይመገብበታል። የማኅበሩ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው። ምግቡ ከዕፅዋት ብቻ ይሠራ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ በዚያ ገንዘብ አይገዛ። ምሳ ቤቱ ደግሞ በበኩሉ ያወጣትን እያንዳንዷን ሳንቲም ማንም እንዲያያት ግድግዳ ላይ እንደሚለጥፍ ቃል ገብቷል። ፎቶግራፉ የዚያ ግድግዳ ነው። ከማኅበሩ አባላት አንዱ በዚያ ሲያልፍ ገባ ብሎ በስልኩ ያነሳው ነው። ምስር፣ ሩዝ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ይልና መሐል ላይ አንድ መስመር በቀይ ተከቧል፤ «ሥጋ፣ 18 ኪሎ»።

ደብዳቤው እንደ ማንኛውም ደብዳቤ አናቱ ላይ «ጉዳዩ፦» ይላል፤ ቀጥሎ «በገንዘባችን ስለተገዛው ሥጋ ማብራሪያ ስለመጠየቅ»። ከታች ያለው አጭር ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ማብራሪያ ካልመጣ፣ ቢመጣም እዚያው ግድግዳ ላይ ለሁሉም ካልተለጠፈ፣ ድጋፉ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይቆማል።

«ሌቦች ናቸው ወይስ የዋሆች?» አልኩት አለቃዬን።

«ሄደሽ እያቸው» አለኝ። «እኔ ሰርቆ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እኔም አላየሁም። ቢሆንም ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ልቤ ከሌቦቹ ጋር ነበር፤ ከሌባ ጋር መሥራት አውቅበታለሁ።

ምሳ ቤቱ ያለው ድሮ የጨርቅ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። የደረስኩት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ጫማ ሰፊው ደጃፍ ደርሷል። ጫማ ሰፊውም ሥራውን በጆንያ ሸፍኖ ተሰልፏል። በሰልፉ ጎን ላልፍ ስል አንዲት ሴትዮ «ሰልፍ አለ እኮ» አለችኝ። ኦዲተር መሆኔን ነገርኳት። «ኦዲተርም ይራበዋል፤ ከኋላ» አለችኝ። ተሰለፍኩ።

ሰልፉ የሚገባው በአንድ ረጅም ኮሪደር ነው። የኮሪደሩ ግራ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በወረቀት ተሸፍኗል። የዛሬው አለ፣ የትናንቱ አለ፣ የዓምናውም አለ። ከማን ምን እንደተገዛ፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት፣ ማን እንደመዘነው፣ ከየሳህኑ ተርፎ የተመለሰው እንኳ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ሰዉ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ መስመር ወደታች እያለ ያነባል። የሚያነበው ለማያነበው ጮክ ብሎ ያነብለታል።

«ሽንኩርት በዚህ ዋጋ?» አሉ ከፊቴ የነበሩ ከዘራ የያዙ እናት፣ ሲነበብላቸው። «እኔ ትናንት ከዚህ ባነሰ ነው የገዛሁት።»

«ከየት?» አላቸው የጥበቃ ልብስ የለበሰ አንባቢያቸው።

«ከድልድዩ ማዶ።»

«የማዶው እርጥብ ነው እናቴ። ግማሹ ውኃ ነው።»

«ውኃም ቢሆን ይጻፍልኝ።»

ከኮሪደሩ ጫፍ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰውዬ መጣ። አንድም ቃል ሳይናገር በወረቀቱ ዳር «የተባለው» የሚል ርእስ ባለው ዓምድ ውስጥ ጻፈ፦ «ሽንኩርት ከድልድዩ ማዶ ይረክሳል። እርጥብ ነውም ተብሏል። ይጣራል።» ትናንት የተባለው ነገር ደግሞ መልሱ አጠገቡ ተጽፏል፤ ከትናንት ወዲያ የተባለውም እንዲሁ። ከላይ እስከ ታች ተመለከትኩ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ዘግቼ ብቻዬን የምሠራውን ሥራ፣ ሦስት መቶ ሰው ሳህን ይዞ እየተሳሳቀ በየቀኑ ይሠራዋል። ያውም ለምሳ። በጣም ደነቀኝ። መደነቄ ደግሞ አናደደኝ፤ ልመረምር የሄድኩበትን ቤት ማድነቅ አልለመደብኝም።

ባለ እርሳሱ ሰውዬ የቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ስሙን ጠርቶ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ሁሉም «እንደወረደ» ይሉታል። ለምን እንደሚሉት ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ግድግዳው ላይ አንድ ቀን «ቲማቲም» ይላል፣ አንድ ቀን «ትማትም»፣ አንድ ቀን ደግሞ «ቲማትን»።

«ይሄን አታስተካክለውም?» አልኩት።

«ነጋዴው ደረሰኙ ላይ ትማትም ካለ ትማትም ነው» አለኝ። «እኔ ካስተካከልኩት የእኔ ቃል ይሆናል። ዛሬ ፊደል ያስተካከለ እጅ ነገ ቁጥር ያስተካክላል።»

ይህን ያለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ነገር ግን በሙያ ዘመኔ የሰማሁት ትልቁ የሒሳብ መርሕ ይህ ሳይሆን አይቀርም። አልነገርኩትም፤ ወደ ሥጋው ገባሁ።

የሥጋውን ደረሰኞች በሙሉ አወጣልኝ። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ወፍራም ጽሑፍ፣ «ሥጋ»፣ ቁጥር፣ ከታች የሥጋ ሜንጦ የመሰለች ጠማማ ፊርማ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ሥጋ የለም» ይላል፤ በዚያ ቀን ምንም አልመጣም፣ ምንም አልተከፈለም። ዋጋውን አየሁት። በዚያ ዋጋ ሥጋ የሚሸጥ ሰው ካለ አድራሻውን ለራሴም እፈልገዋለሁ።

«አቅራቢው ማን ነው?»

«ጋሽ ሉካንዳ።»

«ሉካንዳ?»

«ድሮ ሉካንዳ ቤት ነበራቸው። አሁን የሚያቀርቡት እንጉዳይ ነው።»

«እንጉዳይ ከሆነ ለምን ሥጋ ይላል?»

«ደረሰኙ ሥጋ ስለሚል።»

«አንተ አልጠየቅካቸውም?»

«ጠይቄያለሁ።» የዛሬ ሁለት ዓመቱን መዝገብ ገልጦ ከ«የተባለው» ዓምድ አንዲት መስመር አሳየኝ፦ «ለምን ሥጋ ይባላል ተብሎ ተጠይቋል። ቅመሰውና ንገረኝ ብለዋል።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም። ሰልፈኛው ቀልድ ነው ብሎ ወስዶታል፤ «የእኛ ሥጋ ዛሬ አለ?» እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ። ሁሉን ነገር አደባባይ ባወጣ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አደባባይ ላይ ቆማ ማንም ሳያያት ኖረች።

የአፍ ቃል ለእኔ ማስረጃ አይሆንም። ምሳዬ ግን ሆነ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ሰፋፊ ትከሻ ያላት ሴት፣ ሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። ሩዝ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ከጎኑ በሽንኩርት የተጠበሰ ቡናማ ነገር። እኔ ቅጠል በልቼ ጠግቤ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ለሥነ ሥርዓት ያህል ልቀምስ ብዬ ከቡናማው አነሳሁ። ጥርሴ ስር ቃጫ ቃጫ እያለ ተበጣጠሰ፤ ጨው፣ ጭስ፣ ስብ የመሰለ ነገር አፌን ሞላው።

«ይሄ ሥጋ ነው» አልኩ፣ ሹካዬን እንደያዝኩ።

ወጥ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። እትዬ በሽርጧ እጇን ጠራረገችና «ነይ ተከተይኝ» አለች። «ላሟን ላሳይሽ።»

ከመጋዘኑ ጀርባ አሥራ አራት ደረጃ ወደታች ይወርዳል። ታች ያለው ክፍል መስኮት የለውም፤ ኮርኒሱ ላይ ሁለት ደካማ አምፖሎች ብቻ ይበራሉ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ ዝናብ ያባራ ለታ የሚሸት እርጥብ አፈር፣ በላዩ ላይ የዱቄት ጠረን። ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ከዚያ አየሁ።

ከጣሪያው ላይ፣ በረድፍ በረድፍ፣ የሥጋ ሜንጦ ተሰቅሏል። በየሜንጦው ላይ የሰው ቁመት የሚያክል ገለባ የታጨቀበት ላስቲክ ተንጠልጥሏል። በየላስቲኩ ጎን ደግሞ፣ ከተቀደደው ሁሉ፣ እንጉዳዩ ወጥቷል። ነጭ አለ፣ ግራጫ አለ፣ የርግብ ላባ የመሰለ አለ፤ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ ከሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የሳሳ ሽንሽን። መቶ ይሆናል ላስቲኩ። ጸጥ ብሏል። ያን ያህል ሕይወት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ቦርሳዬን እርጥቡ ወለል ላይ እንዳስቀመጥኩት ያወቅሁት ወደ ቤት ስመለስ ነው።

«ቀስ ብለሽ ግቢ ልጄ፤ ይተነፍሳሉ» አለኝ ከጨለማው አንድ ድምፅ።

ጋሽ ሉካንዳ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። መነጽሩን አደረጉና ዘለላውን በሁለት ጣት ደገፍ አድርገው በቢላ ከሥሩ ቆረጡት፤ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ቅርጫት ውስጥ አስተኙት።

«ገለባውን በፈላ ውኃ ትነክሪዋለሽ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ሲበርድ ዘሩን ትበትኚበታለሽ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ትተዪዋለሽ። ምንም አታደርጊም። ከባዱ ሥራ እሱ ነው፤ ምንም አለማድረግ።» ሳቁ። «ከዚያ ገለባው ሁሉ ነጭ ክር ይሆናል። ላስቲኩን ስትቀጂው፣ ዛሬ የጥፍር ራስ የምታክለው ነገ መዳፍ ታክላለች።»

«ሜንጦዎቹስ?»

«የእኔ ናቸው። ከሱቄ።» አንዱን በእጃቸው አወዛወዙት። «አርባ ዓመት የሚያንስ ነገር ነው የሰቀልኩት። ጠዋት ትሰቅዪዋለሽ፣ እየቆረጥሽ እየቆረጥሽ ማታ አጥንት ይቀራል። ሱቄ ከተዘጋ በኋላ እዚሁ ምሳ ልበላ መጥቼ ተሰለፍኩ። እትዬ ቢላ ይሳሉልኝ አለችኝ። ቢላው ተስሎ ሲያልቅ ይሄን ባዶ ክፍል አሳየችኝ። አሁን ይኸው፣ የምሰቅለው ይጨምራል።»

ሥራዬ ትዝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ የምይዘው ነገር አገኘሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ፣ ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው፣ የሚያቀርቡት ምን እንደሆነ ቃላቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው እንዲፈርሙልኝ ጠየቅኳቸው።

«መነጽሬን ረስቼው መጣሁ» አሉ።

መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር።

እትዬ ደረጃው ላይ ሆና ወደ አምፖሉ ትመለከታለች። እኔ ዞር ብዬ ላስቲኮቹን አየሁ። በእያንዳንዱ ላይ በወፍራም ቀለም ተጽፏል፤ የደረሱት ላይ «ሥጋ» እና ቁጥር፣ ገና ያልደረሱት ላይ «ሥጋ የለም»። ባዶው ቅርጫት ላይ «የለም»። የተበላሸው የውኃ ቧንቧ ላይ «የለም»። ሌላ ቃል በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

አንድ ባለ ሉካንዳ በሩ ላይ የሚሰቅላቸው ሁለት ቃላት ናቸው። አርባ ዓመት የሚበቁት ናቸው። ቀልድ አልነበረም፤ ሰውዬው ያላቸውን ቃል ሁሉ ነበር ደረሰኙ ላይ የጻፉት።

«ነገ እንቀጥላለን ጋሼ» አልኳቸውና ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አንድ የረሳሁት ሰው ትዝ አለኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ «ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ በመሆናቸው ለቦታው ብቁ አይደሉም» ብዬ ጽፌ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነበር። ሪፖርቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሰውዬው ቁልፎቻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደርድረው፣ ይሄ የየትኛው በር እንደሆነ እየነገሩኝ አስረክበውኝ ሄዱ። አንዱንም በር አልተሳሳቱም። ያን ዕለት ቁልፎቹን ቆጥሬ ፈረምኩ እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። አሁን ሳስበው አፈርኩ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ሰው ፊት አፈርኩ።

ስለዚህ በማግስቱ ለስለስ ያለ ረቂቅ ይዤ ሄድኩ። «‹ሥጋ› የሚለው ቃል በምሳ ቤቱ በተለምዶ ለእንጉዳይ የሚሰጥ መጠሪያ ነው» ይላል። ወጥ ቤት ውስጥ፣ የምስር ድስት አጠገብ ቆመን ለእትዬና ለእንደወረደ አነበብኩላቸው።

«የማን ልማድ?» አለ እንደወረደ።

«የቤቱ።»

«የተጀመረው ከደረሰኙ ነው። ደረሰኙ ላይ ለምን ተጻፈ ይሉናል። ግድግዳው ላይ ለምን ተብሎ መልስ ያጣ ነገር የለም።»

«አንተ የምታውቀው ነገር አለ?»

እርሳሱን ከጆሮው አወረደው፤ አየውና መልሶ ሰካው። «ያልተጻፈ አልጽፍም» አለ። «ያልተጻፈውን ደግሞ አላወራም።»

ለካ ያውቃል። ሁለት ዓመት እነዚያን ደረሰኞች በእጁ የገለበጠ ሰው እንዴት ላያውቅ ይችላል? ቃሉን እንደወረደ እያሰፈረ፣ የሰውዬውን ምስጢርም እንደወረደ ይዞ ኖሯል።

«እኔ ልንገርሽ» አለች እትዬ፣ ድስቱን እያማሰለች። «ገንዘቡ ከቆመ ይሄ ድስት ይቆማል። እውነቱ ከተለጠፈ ደግሞ እኚህ ሰው እዚህ ቤት አይቆሙም፤ አውቃቸዋለሁ፣ ኩሩ ናቸው። ተናገሪም አልልሽ፣ አትናገሪም አልልሽ።»

«ተናገሪ በያት እንጂ።»

ጋሽ ሉካንዳ በሩ ላይ ቆመዋል። የጠዋቱን ቅርጫት እንደያዙ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ቅርጫቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ፤ እንደወረደ በልማዱ ቁጥሩን አየ፤ አሥራ ስምንት።

«ደብዳቤ መጣ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉኝ። «አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ ፊርማው ድረስ ሰሙኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና አናቱ ላይ ወፍራም ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺ ትልቋ ምን ትላለች?»

«‹ጉዳዩ› ትላለች።»

«ጉዳዩ።» አጣጣሟት። «እንጉዳይ ሲባል መጨረሻው ላይ ያለችው እሷ አይደለችም?»

ያቺን ቃል በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኳት እንጃ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ አናት ላይ፣ በእያንዳንዱ ክስ ላይ ጽፌያታለሁ። እንጉዳይ ውስጥ ተቀምጣ እንደኖረች አንድም ቀን አልሰማኋትም።

«እሷ ናት ጋሼ» አልኳቸው።

«ከፊቷ ምን ይጎድላታል?»

«ሁለት ፊደል። ‹እ› እና ‹ን›።»

«ጻፊልኝ።»

ደብዳቤው ዳር ላይ፣ ትልልቅ አድርጌ፣ በእርሳስ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ኪስ ከተቱና ወደታች ወረዱ። አሥራ አራቱን ደረጃዎች በጆሮዬ ቆጠርኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ ሞልቷል። ጋሽ ሉካንዳ ሸሚዛቸውን ቀይረው መጡ። እጃቸው ላይ ያ ላስቲኩ ላይ የሚጽፉበት ወፍራም ቀለም አለ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ግድግዳው ጋ ደርሰው ዞሩ።

«ስሙኝ» አሉ። ድምፃቸው ሥጋ ሲሸጡ የነበረው ድምፅ መሆን አለበት፤ ሰልፉ እስከ ጫማ ሰፊው ድረስ ዝም አለ። «ደረሰኝ ላይ ሥጋ እያልኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀልዴን አልነበረም። መጻፍ አልችልም። ሁለት ቃል ነው የማውቀው፤ እነሱንም የተማርኩት ከሱቄ በር ነው። ቀልድ መስሏችሁ ስትስቁ ደስ አለኝ፣ ዝም አልኩ። በእኔ ዝምታ የእናንተ ምሳ ሊቀር ነው። አሁን መልሱን እጽፋለሁ።»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። እንደወረደ ባዶ ወረቀት ለጥፎ ጠብቋቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ባንድ ትንፋሽ ጻፏቸው፤ አርባ ዓመት የጻፉት እጅ ነው። ከዚያ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። በግራ እጃቸው ግድግዳው ላይ አስደገፉት፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ጀመሩ። «እ» ወጣች። «ን» ወጣች። አንዲት ፊደል ጽፈው ወደ ደብዳቤው ያያሉ፣ ሌላዋን ጽፈው ያያሉ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ሦስት መቶ ሰው ተርቦ ቆሟል፣ አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም። እኔ ስንት ትልልቅ ፊርማ ሲፈረም አይቻለሁ፤ ሚኒስትር ሲፈርም፣ ባለሀብት ሲፈርም አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ የጽሑፍ ሥራ አላየሁም።

ጨርሰው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ።

«ምን ይላል?» አሉ ባለ ከዘራዋ እናት።

ጥበቃው አነበበላቸው፦ «ሥጋ የለም። እንጉዳዩ።»

ከደብዳቤው ሲገለብጡ «ዩ»ን እንዳለች ነው የወሰዷት። አፌን ከፈትኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተካከለ አፍ ነው። መልሼ ዘጋሁት። ስህተትም አልነበረም እኮ። ታች ያለውን፣ በሜንጦ ላይ የተሰቀለውን፣ እኔም ያየሁትን ያንኑ እንጉዳይ ነው የጻፉት። እንጉዳዩ።

ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው «ጋሼ፣ ዛሬም የእኛ ሥጋ አለ?» አለ።

ጋሽ ሉካንዳ ዞረው አዩት። «ሥጋ የለም» አሉ። «ማንበብ አትችልም እንዴ?»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰልፉም ወደፊት ተንቀሳቀሰ። እንደወረደ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መዝገቡ ላይ ሲጽፍ በትከሻው ላይ ሆኜ አየሁት። «እንጉዳዩ፣ 18 ኪሎ።» ፊደል አላስተካከለም። ዓይኑን ግን በእጅጌው ጠረገ።

ሪፖርቴ አንድ ገጽ ሆነ። የምርመራ ውጤት በሚለው ሥር የግድግዳውን አዲስ ፎቶግራፍ ለጠፍኩና «የአቅራቢው ቃል፦ ሥጋ የለም። እንጉዳዩ።» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ ምን ዓይነት አማርኛ ነው?»

«እንደወረደ ነው» አልኩት። «ከፈለግክ ቀንሰው እንጂ አታስተካክለው።»

መልሱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ ምሳዬን እዚያ መብላት ጀምሬ ነበር፤ ከኋላ እየተሰለፍኩ፣ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ። ድጋፉ እንደሚቀጥል፣ ማኅበሩም የእንጉዳዩን አበቃቀል ማወቅ እንደሚፈልግ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ነው። እንደወረደ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጎ ለጠፈው።

ጋሽ ሉካንዳ ቅርጫታቸውን አስረክበው ሲወጡ ጥበቃው «ላንብብልዎት?» አላቸው።

«ቆይ» አሉት።

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። የደብዳቤው አናት ላይ፣ በወፍራም ፊደል፣ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል። ጣታቸውን አነሱና የመጀመሪያዋን አዩ። ከደብዳቤ አናት ላይ ያመጧት ናት። ሁለተኛዋን አዩ። ራሳቸው የሠሯት ናት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ከዚያ ድምፃቸው ወጣ።

«ጉዳዩ፦ እንጉዳዩ» አሉ።

አንዴ ደግመው አነበቡት፣ ባዶ ቅርጫታቸውን አነሱና ወደታች ወረዱ፤ የሚለቀም ነበራቸው።